ከተሰነጠቀ ወይራ ደጋን ማውጣት

ደርቆ የተሰነጠቀ፣ አንድ ጎኑን ነቀዝ የነካው፣ ጉጥ የበዛበት የወይራ ግንድ ለአናጺ አይሆንም። በርም ጠረጴዛም አይወጣውም፤ ስለዚህ ዕጣው ማገዶ ይሆናል። ደጋን ለሚሠራ ሰው ግን ያው ግንድ ገና ያልተመረመረ ዕቃ ነው። ለደጋን ዋናው ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ የሚሄድ የእንጨት ክር መኖሩ ነው። ክሩ ካልተበጠሰ ለስንጥቁም ለጉጡም መላ አለ። ክሩ ከተበጠሰ ግን እንጨቱ ላይ ላዩን የቱንም ያህል ቢያምር መላ የለውም።

የምንሠራው ፍላጻ የሚወረውር ደጋን ነው። የጥጥ መንደፊያውና የማሲንቆው ደጋን ብዙ ኃይል ስለማይሸከሙ ከማንኛውም ተጣጣፊ እንጨት ሊሠሩ ይችላሉ። የፍላጻው ደጋን በተሳበ ቁጥር በጀርባው በኩል ይለጠጣል፣ በሆዱ በኩል ይጨመቃል፤ ይህን በመቶና በሺህ ጊዜ ችሎ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ጀርባ የምለው ከተኳሹ ፊቱን አዙሮ ወደ ዒላማው የሚያየውን ገጽ ነው፤ ሆድ ደግሞ ወደ ተኳሹ የዞረውን። ከመያዣው ወዲያና ወዲህ ያሉትን ሁለቱን ተጣጣፊ ክፍሎች ክንፍ እላቸዋለሁ።

ለዚህ ሥራ ሕያው ዛፍ አይቁረጡ። ወይራ ለማደግ ረጅም ዘመን ይፈጃል፤ ከሀገር በቀል ደናችን የቀረውም ጥቂት ነው። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ፣ አሮጌ የአጥር ካስማ፣ ከቤት ሥራ የተረፈ ቋሚ፣ የተሰበረ ሞፈር እያለ የቆመ ወይራ መጣል ነውር ነው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። መጥረቢያ፣ ሁለት ሽብልቅ፣ መጋዝ፣ ሻካራና ለስላሳ ሞረድ፣ ስለታም ቢላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሜትርና እርሳስ ያዘጋጁ። ገበያ ላይ እህልና ሥጋ የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛንም ያስፈልግዎታል፤ ያለ እሱ የደጋኑን ጉልበት በግምት ብቻ ነው የሚያውቁት። ሞርሳ ካለ ሥራው ይቀላል።

ጉዳቱን ማንበብ

ከምንም በፊት ርዝመቱን ይለኩ። 1 ሜትር ከ75 የሚሆን ጤናማ እንጨት ቢገኝ ይመረጣል። የጥንት ደጋኖችም ረጃጅም ነበሩ። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በፋርሱ ንጉሥ በዜርክሲስ ጦር ውስጥ ስለነበሩት፣ ከግብፅ በስተደቡብ ስለመጡት ኢትዮጵያውያን ሲጽፍ፣ ደጋናቸው ከዘንባባ እንጨት የተሠራና ከአራት ክንድ የማያንስ ነበር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው አጠገቡ የነበረው ያልተጠናቀቀ ደጋን 1 ሜትር ከ82 ነው፤ ሰውዬው ራሱ ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነበር። ረጅም ደጋን ለተመሳሳይ ስበት እያንዳንዱ ቦታው ጥቂት ጥቂት ብቻ ይታጠፋል፤ ጫናው ስለሚከፋፈል ጉድለት ያለበትን እንጨት ይታገሣል። የተጎዳ እንጨት ይዘው አጭር ደጋን አይመኙ።

ቀጥሎ እንጨቱ ራሱ ለደጋን የሚበቃ መሆኑን ይፈትኑ። ከዳሩ የጣት ውፍረት ያላት፣ ክንድ የምታህል ቀጭን ፍልጥ ያውጡና እስክትሰበር ድረስ ያጥፏት። በረጃጅም ሰንጣራ ተበጣጥሳ፣ ግማሿ ሳይላቀቅ ከተንጠለጠለ እንጨቱ ጠንካራ ነው። ቀጥ ብላ ባንድ ጊዜ ቀጭ ካለችና የተሰበረው ፊቷ ለስላሳ ከሆነ ግንዱ በእርጅና ወይም በብስባሽ ደክሟልና ለማገዶ ይተዉት። ይህ ፈተና ከዛፉ ስም ይበልጣል። ወይራን የማስቀድመው ዱላና የመሣሪያ እጀታ ሆኖ ጥንካሬው የተፈተነ ስለሆነ ነው፤ ከባሕር ዛፍም ሆነ ከሌላ ጠንካራ እንጨት የወጣ ፍልጥ ይህን ፈተና ካለፈ አይናቁት።

አሁን ወደ ስንጥቁ እንምጣ። አብዛኛው ሰው ስንጥቅ ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል፤ ዋናው ጥያቄ ግን ስንጥቁ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ግንድ ሲደርቅ የውጪው ክፍል ከውስጡ ይልቅ ስለሚኮማተር ከቅርፊቱ ወደ እምብርቱ የሚገባ፣ በቁመት የሚወርድ ስንጥቅ ይፈጠራል። ይህ ክሮቹን ከጎረቤታቸው ይለያቸዋል እንጂ አይቆርጣቸውም። ስለዚህ ከክንፉ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሄድ፣ በጎን በኩል የማይወጣ የቁመት ስንጥቅ ደጋን አይገድልም። በቀጭን ሱፐር ግሉ ይሞላል፤ ፈሳሹ ራሱ ስቦ ይገባል። ከመያዣው መሃል ያለ የቁመት ስንጥቅማ ከናካቴው አያሳስብም፤ እዚያ እንጨቱ አይታጠፍምና።

ስንጥቁ በሰያፍ ሄዶ ከክንፉ ዳር ላይ ከወጣ ግን ይጠንቀቁ። ደጋኑ ሲሳብ ያ ቦታ እንደ ልጣጭ ይነሣል። መፍትሔው ንድፉን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አዙሮ ስንጥቁን ከደጋኑ ውጪ ማስቀረት ነው። ይህ ካልሆነና ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ፣ በማጣበቂያ ሞልተው ዙሪያውን ጠንካራ ክር አጥብቀው ይጠቅልሉበት።

የማይማረው የአግድም ስንጥቅ ነው። ዛፉ ሲወድቅ ድንጋይ ወይም ሌላ ግንድ የመታው ቦታ ላይ፣ ወይም ነፋስ ያለ ልክ ያጎበጠው ዛፍ ላይ፣ ክሮቹን በአግድም የሚያቋርጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይታያል። እሱን ለማየት ገጹን አለስልሰው ውሃ ይቀቡና ፀሐይ ላይ ከጎን በኩል ይመልከቱት። እዚያ ክሩ ተበጥሷል፤ ሙጫም ቆዳም አይመልሰውም። ያን ቦታ ቆርጠው ይጣሉ። በሁለቱም በኩል ከ95 ሳንቲ ሜትር በላይ ጤናማ እንጨት ከተረፈ ግን ደጋኑ አልቀረም፤ ሁለቱን ቁራጮች መያዣው ላይ መቀጠል ይቻላል። የአንዱን ጫፍ በ10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት እንደ ሹል ምላስ፣ የሌላውን እንደ ተከፈተ አፍ ቆርጠው ያለ ክፍተት ያጋጥሟቸው፤ በኢፖክሲ አጣብቀው ከደረቀ በኋላ በክር ይጠቅልሉት። መያዣው ስለማይታጠፍ መጋጠሚያው ይችለዋል።

ነቀዝ ያለው ብዙውን ጊዜ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ነጣ ያለ እንጨት ውስጥ ነው። ቀዳዳው ወደ ጠቆረው ውስጠኛ እንጨት ካልዘለቀ ነጩን በሙሉ ልጠው ይጣሉ። ብስባሽን በጥፍርና በጆሮ ይወቁት፦ ጥፍር የሚያስገባና በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ እንጨት አለቀለት። የአጥር ካስማ ከሆነ አፈር ውስጥ የነበረውን ጫፍ ሳይመረምሩ ይቁረጡት።

ጉጥ የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክሩ ጉጡን እንደ ወንዝ ደሴት ዙሮት ያልፋል እንጂ አይበጠስበትም፤ ጉጡን ደልድለው ካስተካከሉት ግን የሚዞረውን ክር ራስዎ ይቆርጡታል። ስለዚህ በደጋኑ ጀርባ ላይ ያለ ጉጥ ከነጉብታው ይተው፤ ከጎኑ ያለ ከሆነ ደግሞ የክንፉ ዳር እዚያ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጪ ያብጥ። እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር በወጣችው ሜሪ ሮዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ ከ130 የሚበልጡ ሙሉ ደጋኖች ተገኝተዋል፤ እነሱን የሠሩት ባለሙያዎችም በጉጥ ዙሪያ ትርፍ እንጨት ይተዉ ነበር። ጉብታ ያለበት ደጋን ለእኔ ከተላገ ደጋን የበለጠ ያምራል።

መፍለጥ፣ ማድረቅ፣ መንደፍ

ግንዱን በመጋዝ አይሰንጥቁት። መጋዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ክሩ ግን ቀጥ ላይል ይችላልና መጋዙ ይቆርጠዋል። ሽብልቁን ቀድሞ በተፈጠረው ስንጥቅ ውስጥ ያስገቡና በመዶሻ እየመቱ ይክፈቱት፤ እንጨቱ መለያየት የሚፈልግበትን ቦታ ስንጥቁ አስቀድሞ አሳይቶዎታል። ፍልጡ እንደ ጠመዝማዛ ገመድ ተጣሞ ከወጣ ክሩ ጠምዛዛ ነው ማለት ነው። ጥቂት ጥምዝ በእንፋሎት ይቃናል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሩብ ዙር ከዞረ ግን ሌላ እንጨት መፈለግ ይሻላል።

ፍልጡ እርጥበት ካለው ሁለቱን ጫፎች በሙጫ ወይም በቀለም ይድፈኗቸው። ጫፍ ቶሎ ስለሚደርቅ አዲስ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አጋድመው ያስቀምጡትና በየሳምንቱ ይመዝኑት። ክብደቱ ለተከታታይ ሳምንታት መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። እርጥብ እንጨት ከተሳበ በኋላ ጎብጦ ይቀራል፤ ምድጃ ዳር ያለ ልክ የደረቀ ደግሞ ይሰበራል።

አሁን ጀርባውን ይምረጡ። ቅርፊቱ ሥር ያለው ገጽ ጤናማ ከሆነ ቅርፊቱን ብቻ አንሥተው እሱን ጀርባ ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ቢላ አይንካው። ነጩን እንጨት ማንሣት ግድ ከሆነ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትለው አንዱን ንብርብር ሳይቆርጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውጡ። በእኛ አየር ንብረት ባደጉ ብዙ ዛፎች ላይ ቀለበቱ ደብዛዛ ነው። በዚህ ጊዜ የተፈለጠውን ገጽ ክር በዓይን እየተከተሉ ያለስልሱና ጀርባውን ያልብሱት፤ እንዴት እንደሚለብስ እነግርዎታለሁ።

ንድፉ ቀላል ነው። በፍልጡ መሃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ክሩን የሚከተል መስመር ያስምሩ፤ ክሩ ከጎበጠ መስመሩም ይጉበጥ። መሃል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ለመያዣ ይተዉ፤ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከመያዣው ቀጥሎ በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይስፋ፤ እስከ ክንፉ ግማሽ ስፋቱን ይዞ ይሂድና ከዚያ ወደ ጫፉ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል እስኪሆን ይጥበብ። የተጎዳው ቦታ የሚያርፍበት ክንፍ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ይጨምሩ። ውፍረቱን ለጊዜው ከመያዣው አጠገብ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ አካባቢ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያድርጉት። የሚጠርቡት ከሆዱ በኩል ብቻ ነው።

ጀርባውን ለማልበስ ሦስት መንገድ አለ። ቀላሉ አቡጀዲ ነው፤ በነጭ የእንጨት ኮላ አርሰው ሁለት ድርብ ያለ እጥፋት ይለጥፉ። የሚበልጠው ያልተለፋ ቀጭን የፍየል ቆዳ ነው፤ ማሲንቆና ክራር የሚለብሱት ዓይነት። እስኪለሰልስ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ይጭመቁት፣ ኮላ በተቀባው ጀርባ ላይ ይዘርጉትና በጨርቅ ጥብጣብ ጠቅልለው ለጥቂት ቀናት ያድርቁት። ሦስተኛው ጅማት ነው፤ ከእንስሳ እግርና ጀርባ የወጣውን ጅማት አድርቆ፣ ቀጥቅጦ፣ ወደ ቀጫጭን ክሮች ለያይቶ በቆዳ ሙጫ መለጠፍ። በካሊፎርኒያ የያሂ ሕዝብ የመጨረሻ ሰው የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1916 ያረፈው ኢሺ ከጥድ ዘመዶች አንዱ የሆነውን የተራራ ዛፍ በጅማት አልብሶ ደጋን ይሠራ ነበር። ለጀማሪ አቡጀዲው ይበቃል። ልብሱ ሰንጣራ እንዳይነሣ ይይዛል፤ የተበጠሰ ክር ግን አይቀጥልም።

እንጨቱን መግራት

ደጋን የሚሠራው እዚህ ነው፤ አብዛኛው የሚሰበረውም እዚሁ ነው። እንጨቱን ወደ ሙሉ ስበት በአንድ ጊዜ አያደርሱትም፤ ጥቂት እየፋቁ፣ ጥቂት እያጠፉ ይገሩታል።

አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ተክለው መያዣውን በእጅዎ ይግፉና ክንፉ ሲጎብጥ ከጎን ይመልከቱ። ከዚያ ገልብጠው ሌላውን ይሞክሩ። የማይታጠፍ ከሆነ ከሆዱ በሻካራ ሞረድ እኩል እኩል ይፋቁ። ሁለቱም መጉበጥ ሲጀምሩ ከየጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው በጎንና በጎን ለአውታሩ ሰያፍ ቦይ ይሞርዱ፤ ቦዩ ጀርባውን አይቁረጥ። ከደጋኑ ትንሽ የሚረዝም ጠንካራ ገመድ ያስሩበት፤ ግድግዳ ላይ በተተከለ ችካል መያዣውን ያስቀምጡና ገመዱን ወደ ታች በሚዛን ይሳቡ። የሚስቡበትን ሌላ ገመድ በመሬት ላይ ባለ ቀለበት አሳልፈው ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ዓይንዎን በመነጽር ይጠብቁ። እንጨት ሲሰበር ሰንጣራው የት እንደሚበር አይታወቅም።

አንድ ሕግ በልብዎ ይያዙ። የክንፍ ጥንካሬ ከስፋቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከውፍረቱ ጋር ግን በኩብ፣ ማለትም ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ እንደተባዛ ሆኖ ይሄዳል። ውፍረቱን በአሥር በመቶ ቢቀንሱ ጥንካሬው በ27 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሞረዱን ቶሎ አስቀምጠው በቢላ ስለት መፋቅ ይጀምሩ። ጥቂት ጊዜ ፍቀው እንደገና ከመመዘንዎ በፊት ደጋኑን ከ20 እስከ 30 ጊዜ በቀስታ ይሳቡት፤ ክሩ የተፋቀውን ለውጥ የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚፈልጉት ቅርጽ ከመያዣው እስከ ጫፉ ያለ ማጠፊያ የሚሄድ ልስልስ ጉብጠት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከታጠፈ ያ ቦታ ደክሟል። እሱን አይንኩት፤ ከፍ ካለውና ከዝቅ ካለው ጎረቤቱ ፍቀው ጫናውን ያካፍሉት። ጉጥ ባለበትና ስንጥቅ በተሞላበት ቦታ እንጨቱ ጥቂት ደረቅ ብሎ መታየት አለበት፤ እዚያ ከሌላው እኩል እንዲታጠፍ የሚፈልግ ሰው ይሰብረዋል። በተጎዳ እንጨት ላይ ቅርጹ ፍጹም ባይሆን ጉዳት የለውም፤ ጤናማው እንጨት ደካማውን ይሸከምለት።

ከታሰበው ጉልበት በላይ ደጋኑን በጭራሽ አይሳቡት። ለመጀመሪያ ሥራ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ይበቃል። ሚዛኑ 18 ላይ ሲደርስ ስበቱ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን እንኳ ያቁሙ፣ ይፋቁ፣ እንደገና ይሞክሩ። 18 ኪሎ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲያገኙ መግራቱ አልቋል። በመግራቱ መሃል፣ ክንፎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እኩል ሲጎብጡ፣ ረጅሙን ገመድ አውጥተው ከደጋኑ የሚያጥረውን ዋናውን አውታር ያግቡና መጀመሪያ 8 ሳንቲ ሜትር፣ በኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ከመያዣው ርቆ እንዲወጠር ያድርጉ።

አውታሩን ብዙም ከማይለጠጥ የፖሊስተር ክር ይፍተሉት፤ ናይለን ስለሚለጠጥ አይሆንም። የክሮቹ ጠቅላላ አቅም ከደጋኑ ጉልበት ቢያንስ አራት እጥፍ ይሁን፤ ለ18 ኪሎ ደጋን ከ72 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ሰም ያሹት፣ ጣት የሚያርፍበትን መሃሉን በሌላ ክር ይጠቅልሉት።

ማለስለሱ ቀላል ነው። የሞረዱን ጭረት በብርጭቆ ወረቀት ያጥፉ፣ የጎኖቹን ሹል ጠርዝ ያድቦልብሉ፣ መያዣውን በቆዳ ይጠቅልሉ፣ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ይቀቡ። ዝናብ የገባበት ደጋን ጉልበቱን ያጣልና ቅባቱን አይሰስቱ።

ከመወርወርዎ በፊት

ፍላጻ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚህ የሚነገረው ክብደቱ ብቻ ነው፤ ለ18 ኪሎ ደጋን ከ26 ግራም የማያንስ ይሁን። ያለ ፍላጻ ደጋን ስቦ መልቀቅ ኃይሉን በሙሉ ወደ እንጨቱ ስለሚመልስ አንዴ ብቻ ተደርጎ እንኳ ሊሰብረው ይችላል፤ ያለ ልክ የቀለለ ፍላጻም ወደዚያው ይጠጋል። ዒላማዎ ከበስተጀርባው ሰውም ከብትም የማያልፍበት የአፈር ቁልል ወይም የጭድ ክምር ይሁን። ወደ ሰማይ አይወርውሩ። ለልጅ ያለ አዋቂ አይስጡ። ጨዋታው ሲያበቃ አውታሩን ይፍቱ፤ ተወጥሮ ያደረ ደጋን ጉብጠቱን ይዞ ይቀራል።

በየጊዜው ከመወጠርዎ በፊት ጀርባውን በጣትዎ ዳብሰው፣ ሆዱን በብርሃን አግድመው ይመልከቱ። የሞሉት የቁመት ስንጥቅ ከረዘመ እንደገና ሞልተው በክር ይጠቅልሉት፤ ሆዱ ላይ እንደ ሽብሽብ ያሉ የአግድም መስመሮች ከታዩ ያ ቦታ ከአቅሙ በላይ ተጨምቋልና ከጎረቤቱ ፍቀው የደጋኑን ጉልበት ዝቅ ያድርጉ። ጀርባው ላይ የአግድም ስንጥቅ ያዩ ቀን ግን አውታሩን ይፍቱት። ያ ደጋን ዳግመኛ አይሳብም።